ጥቆማ፦ አሌንድሮኔት 70 ጅማ ውስጥ ሳይቆራረጥ የሚገኘው የት ነው?

የኮቺ ልጅ፦ ሰላም ጅማዎች። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የምትውጠውን አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም ከጀመረች 6 ዓመት አለፋት። ከአጂፕና ከመርካቶ ፋርማሲዎች የቱ ይሻላል?

ሒርማታ፦ አጂፕ፣ ጥጉ ላይ ያለው። ሌላ ጋ አትዙር።

ነጭ ጋወን፦ ከፋርማሲው በፊት 6 ዓመቱን እንይ። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ 5 ዓመት ሲሞላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ ተብሎ በሐኪም ይገመገማል። የዳሌ ወይም የጀርባ አጥንት ስብራት ከነበረባቸው እስከ 10 ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ጭናቸውን ወይም ብሽሽታቸውን ያማቸዋል? ሳይወድቁ የሚሰበር የጭን አጥንት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው በዚህ ሕመም ነው፤ ሁለቱንም ጭን ራጅ አስነሳቸው። ኩላሊታቸውም ይታይ፤ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ኪኒኑ አይመከርም።

መርካቶ፦ ኪኒኑን ተወው፣ በ6 ወር አንዴ የምትወጋው መርፌ አለች። ግልግል!

ፍሪጅ፦ ምን ግልግል አለ? መርፌዋ ዴኖሱማብ ናት፤ ከ2–8 ዲግሪ ነው የምትቀመጠው። እዚሁ ከተማ ኢንሱሊኑን ከለስላሳ ጋር ፍሪጅ በር ላይ የሚደረድር ፋርማሲ አለ፤ ቴርሞሜትር እንኳን የለውም። ደግሞ መርፌው እንደ ኪኒኑ ዕረፍት አያውቅም። ከመጨረሻው መርፌ 7 ወር ካለፈ መሳሳቱ ባንዴ ይመለስና የጀርባ አጥንት በተርታ ሊሰበር ይችላል።

መርካቶ፦ የትኛው ፋርማሲ ነው? ተናገር እንጂ!

ሒርማታ፦ የአጂፑ ጄኔሬተር አለው።

ነጋ፦ ጄኔሬተሩ የተያያዘው ከፍሪጁ ጋር ነው ከቴሌቪዥኑ?

ፍሪጅ፦ 😂 እሱን ጠይቁልን።

የቦሳዋ ነርስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው አወሳሰዱ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ። አይታኘክም፣ አይመጠጥም። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተቀምጠው ወይም ቆመው ይቆዩ፤ ጋደም ካሉ ኪኒኑ ጉሮሮ ይልጣል። ጅማ ላይ የሚያስቸግረው ቡናው ነው! ሲጀመር ወደ ደም የሚገባው 1 በመቶ አይሞላም፤ በቡና ከተዋጠ እሱም በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ረከቦቱ ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ ይቅረብ። ካልሲየሙን ከምሳ ጋር አድርጉላቸው።

የኮቺ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በቡና ነበር የምትውጠው! ጥርስም ልታስነቅል ነበር፣ ችግር አለው?

ነጭ ጋወን፦ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት አልድን ይላል። ከመነቀሉ በፊት ስንት ዓመት እንደወሰዱ ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት።

መርካቶ፦ ጥርስ ሐኪም ማን ጎበዝ አለ?

ሒርማታ፦ ከአጂፑ ፋርማሲ ፎቅ ላይ።