ክላሲካል ሙዚቃ እንዴት ነው የሚደመጠው? እስከ መጨረሻው መድረስ አቃተኝ

ሚሚ የካ፦
ሰላም ቤቶች፣ እስቲ ከሙዚቃ ጋር ቅርበት ያላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። መስሪያ ቤት አብራኝ የምትሰራ ልጅ አለች ሁሌ ኢርፎን ሰክታ ክላሲካል ነው የምትሰማው፣ አንድ ቀን አሰማችኝ፣ የቤትሆቨን አምስተኛው ሲምፎኒ ነበር። መጀመሪያውን እማ ማን የማያውቀው አለ፣ ያ ታ ታ ታ ታም የሚለው፣ ከማስታወቂያውም ከፊልሙም እናውቀዋለን። ደስ አለኝና ማታ ቤት ገብቼ ሙሉውን ከፈትኩት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መጀመሪያው ልቤን ቀጥ ነው የሚያደርገው፣ ከዛ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሀሳቤ ይሄዳል፣ የነገ ስራ ይመጣብኛል፣ ስልኬን አነሳለሁ፣ ስመለስ የት እንደደረሰ አላውቅም። ግጥም የለው ምኑን ልከተል? ደሞ ድምፁ አንዴ ጭራሽ አይሰማም፣ ጨምሬው ቁጭ ስል ድንገት ይጮህና ያስደነግጠኛል። ዩቲዩብ ላይ "ለጥናት" "ለእንቅልፍ" እያሉ የሰበሰቡት አለ፣ እሱን ስሰማው ደስ ይላል ግን የትኛው የቱ እንደሆነ ለይተሽ ንገሪን ብትሉኝ አልችልም፣ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ።

ከምር መውደድ ፈልጌ ነው፣ ያቺ ልጅ ስትሰማ ፊቷ ላይ የማየው ነገር አለ። ከየት ልጀምር? ኖታ ማወቅ የግድ ነው እንዴ?

ባለቫዮላ፦
ሚሚ ኖታ ማወቅ በፍጹም ግድ አይደለም። እኔ ቫዮላ ተምሬያለሁ፣ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ግን ኖታ ትዝም አይለኝ። ሀሳብሽ የሚሄደው ጆሮሽ ችግር ኖሮበት አይደለም። ዘፈን ላይ አዝማቹ በየደቂቃው እየተመለሰ ያስታውሰናል፣ ሲምፎኒ ላይ ግን መጀመሪያ ላይ የሰማሽው ነገር ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መልኩን ቀይሮ ነው የሚመጣው፣ ማስታወሱ የአድማጩ ስራ ነው። ስለዚህ ብዙ ስራ አትቀያይሪ በናትሽ። አንዱን ያዢ፣ ያንኑ አምስተኛውን፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ስሚ።

ምን እንደምትከተዪ ልንገርሽ። አራት ክፍል አለው፣ ሞቭመንት የሚባለው፣ በጠቅላላው ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እና ያቺ ሦስት አጭር አንድ ረጅም የሆነችው ነገር ናት ሁሉንም የምትሰራው፣ አንዴ ቫዮሊኖቹ ይቀባበሏታል አንዴ ቼሎዎቹ ይወስዷታል፣ ለስላሳው ዜማ ሲገባ እንኳን ልብ ብለሽ ከስር ብታዳምጪ ባሶቹ ጋር እሷው አለች። ከዛ ወደ ኋላ ላይ ሁሉም ባንዴ እየተጫወተ ሳለ ድንገት ቀጥ ይልና አንድ ኦቦ ብቻውን ይቀራል። ኦቦ ማለት ያ ቀጭን፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሳሪያ ነው። ብቻውን ትንሽ ያንጎራጉራል፣ ጥቂት ሰከንድ ናት፣ ከዛ ኦርኬስትራው መልሶ ይውጠዋል። እኔ እዛ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼውም ሆዴ ይባባል።

ሁለተኛው ክፍል ረጋ ያለ ነው፣ እዛ ላይ ሀሳብሽ ቢሄድም ግዴለም።

ሦስተኛው ላይ ግን ንቂ። ቼሎና ባስ በለሆሳስ ይጀምሩታል፣ ወዲያው ሆርኖቹ ያቺኑ ሦስት አጭር አንድ ረጅም ይዘው ይገባሉ፣ አሁን ግን እንደ ሰልፍ ሆናለች። ይሄ ክፍል እንደሌሎቹ አልቆ አይቆምም። ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና ባለክር መሳሪያዎቹ አንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥለው ቲምፓኒው፣ ትልቁ ከበሮ ማለት ነው፣ ብቻውን በስሱ ይመታል፣ ያንን ታግሰሽ ጠብቂ፣ ከዛ ትንፋሽ ሳይሰጥ አራተኛው ክፍል ይፈነዳል። ትሮምቦኖቹንና ፒኮሎ የምትባለዋን ትንሿን ፍሉት መጀመሪያ የምትሰሚው እዛ ነው፣ ሦስት ክፍል ሙሉ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆይተው። ቤትሆቨን ይሄን ሲጽፍ ጆሮው እየከዳው ነበር፣ ለወንድሞቹ ያንን ተስፋ የቆረጠ ደብዳቤ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1802 ነው፣ ሲምፎኒው ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ደግሞ በ1808 ታህሳስ ብርድ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ በፈጀ ኮንሰርት ነው። ሰዉ ያን ቀን ስድስተኛውንም አብሮ ነው የሰማው።

ስለ ድምፁ ደግሞ፣ ይሄ ሙዚቃ ሆን ተብሎ ነው ትንሽና ትልቅ የሚሆነው። መጀመሪያ ወደ አራተኛው ክፍል መግቢያ ሂጂና ጮክ የሚለውን ቦታ ለጆሮሽ የሚመችሽ ልክ ላይ አድርጊው፣ ከዛ ከመጀመሪያው ጀምሪና ቮሊዩሙን አትንኪው። ሻፍል ካለም አጥፊው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከተለያዩ በቃ ጠፋ። ነፃው ዩቲዩብ ላይ ደሞ ማስታወቂያው እዛች መሸጋገሪያ ላይ እንዳይገባብሽ።

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ባለቫዮላ ያለው ጥሩ ነው፣ ግን እህቴ ያንን የጥናት ምናምን የሚሉትን ጭራሽ አትጣዪው። እኔ ዲሲ አካባቢ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ወደ ክላሲካል የገባሁት ቁጭ ብዬ በማጥናት አይደለም፣ 90.9 ዌታ የሚባለውን ሬዲዮ ከፍቼ በመተው ነው። ትራፊኩ ላይ ያረጋጋኛል ብዬ ነበር የከፈትኩት። ከዛ ቀስ እያለ አንዳንዱ ቆንጠጥ ሲያደርገኝ አቅራቢው ስሙን እስኪናገር መጠበቅ ጀመርኩ፣ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ እፈልገዋለሁ። የሬዲዮ ጥቅሙ ሰው አለበት፣ ምን እንደሰማሽ ይነግርሻል። ያ የእንቅልፍ ፕሌይሊስት ችግሩ ሙዚቃው ሳይሆን ስም የለሽ ማድረጉ ነው፣ ሾፓን ይሁን ሳቲ ይሁን ሳታውቂ ያልፋል።

መኪና ውስጥ ግን ትልቅ ሲምፎኒ አይሆንም፣ ዝቅ የሚለውን ሞተሩና አስፋልቱ ይበላዋል። ታክሲ ወይም ሃይገር ውስጥ የምትሰሚ ከሆነ የባች ፒያኖ፣ የቪቫልዲ ኮንሰርቶ፣ ጊታር፣ እንደዛ ያለ ድምፁ እኩል የሚሄደውን ምረጪ፣ ሲምፎኒውን ለቤት ተይው።

ሌላ ደግሞ በአካል መስማት የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ውስጥ ኩሊጅ የሚባል አዳራሽ አለ ከ1925 ጀምሮ ያለ፣ ኮንሰርቱ በነፃ ነው። በ1930ዎቹ አንዲት ባለጸጋ ሴት ስትራዲቫሪ የሚባለው ስመ ጥር የጣሊያን መሳሪያ ሰሪ የሰራቸውን አምስት መሳሪያዎች ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተዋል፣ ሦስት ቫዮሊን አንድ ቫዮላ አንድ ቼሎ። ዲሲ ያለን አበሾች ብዙዎቻችን በበሩ እናልፋለን ሰው እናደርሳለን እንጂ ገብተን አናውቅም፣ ይሄ ያንገበግበኛል። ሱፍ የለኝም፣ መቼ እንደሚጨበጨብ አላውቅም፣ ይሄ የነሱ ቦታ ነው እንላለን። ጃኬት ለብሶ የሚገባው ሞልቷል። ጭብጨባው ዛሬ በየክፍሉ መሀል ሳይሆን ክፍሎቹ በሙሉ ካለቁ በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ሲጀምር መጀመር ነው በቃ፣ ድሮ ግን እንደዛም አልነበረም። ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ሆኖ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ሰዉ የመጀመሪያው ክፍል መሀል ላይ እንዳጨበጨበለት እየተደሰተ ነው የሚነግረው፣ ከደስታው ብዛት ከኮንሰርቱ ወጥቶ አይስክሬም በላ። ዝም ብሎ መቀመጡ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

የጎንደር ልጅ፦
ረጅም ነው ሀሳቤ ይሄዳል ለምትዪው እኔ ሌላ ነገር ልበል። አባቴ በልጅነቴ ማህሌት ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ለክብረ በዓል ሌሊቱን ሙሉ ተቆሞ ሲደመጥ ማንም ረዘመ አይልም፣ ለምን ቢባል ጆሮው የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው። ያው አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፣ ከዛ መቋሚያው እየተወዘወዘ ዝማሜው፣ ከዛ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግዱ፣ ከዛ እየፈጠነ ጽፋቱ። ቃሉ አልተቀየረም፣ አካሄዱ ግን እየተቀየረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቤቱ ይነቃነቃል። ያንን የሚያውቅ ሰው አንድን ነገር እየደጋገሙ መለወጥን ለመስማት አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ከሲምፎኒው ጎን ባች ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የጻፈውን ቻኮን ስሚ። በ1720 አካባቢ የተጻፈ ነው፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከስር አንዲት አጭር አካሄድ አለች፣ አራት ባር አራት ባር እየሆነች ትዞራለች፣ አንዱ ባር እዚህ ሦስት ምት ነው፣ በላይዋ ግን በየዙሩ ሌላ ነገር ይሰራባታል፣ አንዴ በዝግታ አንዴ በጥድፊያ። መሀል ላይ ስትደርሺ ያ ሐዘን የነበረው ቅኝቱ ይቀየርና ብርሃን ይሆናል፣ ምንም ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ይሰማዋል ይሄን፣ እናቴን አሰምቻት እዛችው ቦታ ላይ "እ?" ብላ ቀና አለች። ከዛ ወደ ሐዘኑ ይመለሳል። አንድ ሰው አራት ክር ይዞ ነው ይሄን ሁሉ የሚያደርገው። ኢርፎን አድርገሽ መብራቱን ቀንሰሽ ስሚው።

4ኪሎ፦
ጥያቄ አለኝ፣ ለክርክር አይደለም። ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺሆዬ እያለን፣ በገናውም ክራሩም ሰሚ አጥቶ እያለ፣ ለፈረንጅ ሙዚቃ ይሄን ያህል ጊዜ መስጠት ምን ይጠቅማል?

ባለቫዮላ፦
@4ኪሎ ጥያቄህ ልክ ነው፣ የበገናው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ግን አንዱ አንዱን አያስረሳም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ውሰድ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፣ በኋላ ካይሮ ሄደው ተማሩ፣ ከዛ መነኮሱ፣ በ1960ዎቹ ጀርመን ላይ ፒያኗቸውን አስቀረጹ፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ 99 ዓመታቸው ነበር ሲያርፉ። ፒያኗቸውን ስማው፣ የሾፓን ዘመን አጨዋወት የገባው እጅ ነው ግን ዜማው ከኛ ቤት ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ከዛ ሶፊያ ቡልጋሪያ ተምሮ መጥቶ አምባሰልን በፒያኖ የጻፈ ሰው ነው። ያሬድን መጀመሪያ የመሩት አሸናፊ ከበደም ዋሽንትና ኦርኬስትራ አንድ ላይ ያሰቡ ሰው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቤትሆቨንን በደንብ ስለሰሙ አበሻነታቸው አልቀነሰም፣ እንደውም የራሳቸውን ዜማ ዘርዝረው እንዲያዩት ነው የረዳቸው ብዬ ነው የማምነው።

ሚሚም ብትሆን እኮ የእማሆይን ብትጀምር ጥሩ ነው፣ አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ደቂቃ። ጆሮሽ ፒያኖ ብቻውን ሲናገር ይለምዳል።

4ኪሎ፦
እሺ ገባኝ። የእማሆይን አውቃለሁ፣ እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር። የበገናው ጉዳይ ግን አሁንም ልክ ነኝ።

ባለቫዮላ፦
ልክ ነህ።

ሚሚ የካ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቮሊዩሙን እንዳልከው አራተኛው ላይ አስተካክዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፣ ኦቦውን አገኘሁት!! ከዛ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌዋለሁ። ያቺን መሸጋገሪያ ደሞ ቲምፓኒው ቀስ እያለ ሲመታ ትንፋሼን ይዤ ነው የጠበቅኩት፣ ሲፈነዳ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሀሳቤ ሄዷል ግን ግዴለም ብለኸኛል።

አሁን ጥያቄዬ፣ ዩቲዩብ ላይ ይሄው ሲምፎኒ የስንቱ ኦርኬስትራ አለ፣ ኖታው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምንድነው? እና አዲስ አበባ በአካል የት ይሰማል?

ባለቫዮላ፦
ልዩነቱ ብዙ ነው። ሁለት ልስጥሽ። ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1974 የቀረጸው አለ፣ ሌላው ጆን ኤልየት ጋርዲነር በቤትሆቨን ዘመን አይነት መሳሪያዎች ያስጫወተው፣ በ1990ዎቹ የወጣ። መጀመሪያ የሁለቱንም አንድ ደቂቃ ብቻ አከታትለሽ ስሚ። ያቺ አራተኛዋ ረጅም ድምፅ ምን ያህል ትቆያለች የሚለውን ኖታው በልክ አይወስነውም፣ ኮንዳክተሩ ነው የሚወስነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ፍጥነት፣ ቲምፓኒው ደረቅ ነው ወይስ ወፍራም፣ ቫዮሊኖቹ ድምፁን ያርገበግቡታል ወይስ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፣ ይሄን ሁሉ ትሰሚያለሽ። እኔ ክላይበርን ነው የምወደው፣ አራተኛው ክፍል ላይ ነሐሶቹ ሲገቡ ቸኩሎ አያበላሸውም።

አዲስ አበባ ላይ ጎተ እና አሊያንስ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ማዕከሎቹ፣ የሚያወጡትን ፕሮግራም ተከታተዪ፣ የያሬድ ተማሪዎች ሲጫወቱም ሂጂላቸው። ትልቅ ኦርኬስትራ ባይሆንም አንድ ቼሎ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሲመታ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ ደረትሽ ላይ ነው የሚሰማሽ፣ ያንን ኢርፎን አይሰጥሽም።

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
አምስተኛውን ስትጠግቢ ሰባተኛውን ያዢ። ሁለተኛው ክፍል ላይ በዝግታ የሚራመድ ነገር አለ፣ ረጅም አጭር አጭር ረጅም ረጅም እያለ የሚሄድ፣ መጀመሪያ ከታች በቫዮላና በቼሎ ይጀምርና ዙር በዙር ወደ ላይ ይወጣል። በ1813 ቪየና ላይ መጀመሪያ ሲሰማ ሰዉ እሱን ክፍል ድገሙልን ብሎ አስደግሞታል። ሰምተሽ ንገሪን።