ክርክር፦ የወሊድ ፈቃዱ 90 ቀን፣ ጡት ብቻ 6 ወር፤ ሂሳቡ እንዴት ይገጥማል?

የሚሚ እናት (ካዛንቺስ)፦ እናቶች እንዴት ዋላችሁ? ልጄ 3 ወር ከ20 ቀኗ ነው። ሥራ ከገባሁ 20 ቀኔ። ለክትባት ስወስዳት «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም እንዳትሰጫት» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠኝ 90 ቀን ነው። እናቴ «አጥሚት እንጀምርላት» ብላ ይዛኛለች። መንግሥት ወይ ፈቃዱን 6 ወር ያድርገው፣ ወይ ምክሩን ይተወው።

የባቢ አባት፦ ምን ያስጨንቅሻል? እኛ በ4 ወሩ አጃ አቅጥነን በጡጦ ጀመርንለት። ዛሬ አንበሳ ነው።

ሲስተር፦ የባቢ አባት፣ እግዜር ያሳድግልህ። ግን ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ምግብ የለውም። ልጁ ስለሚጠግብ ጡቱን ይቀንሳል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ጡጦው በደንብ ካልጸዳ ደግሞ ተቅማጥ አለ።

እማማ (አራት ኪሎ)፦ እኛ ቅቤ እያዋጥን፣ ማር እያላስን 5 ልጅ አሳድገናል። ማን ታመመ?

ሲስተር፦ እማማ፣ አክብሬዎት ነው፤ ማር ግን 1 ዓመት ሳይሞላ በፍጹም። ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ቅቤውም ይቅር።

ባለሱቋ (መርካቶ)፦ እናንተ ስለ ፈቃድ ታወራላችሁ። እኔን ማን ፈቃድ ይሰጠኛል? ደግሞ 6 ወር ይሁን ሲባል፣ ወጣት ሴት የሚቀጥር ይገኛል?

የሚሚ እናት፦ እሱማ እውነት ነው። ክፍያውን አሠሪው ብቻውን ከተሸከመ አይቀጥረንም። እንደ ጡረታው መዋጮ ይሁን ባይ ነኝ። እስከዚያ ግን ማለቢያ ክፍል እንኳ ይስጡን፤ እኔ ሽንት ቤት ቆሜ ነው የማልበው።

የባቢ አባት፦ እሺ፣ 6 ወር ሲሞላስ? በዕለቱ ገንፎ?

ሲስተር፦ ልጁንም እዩት። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል? ተደግፎ ይቀመጣል? ማንኪያ ሲጠጋው በምላሱ መግፋት ትቷል? ከዚያ ከማንኪያ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ። ጥራጥሬ የገባበት ምጥን ይሁን። እንቁላልና ሥጋ አትፍሩ፤ በደንብ ይብሰል፣ ይድቀቅ። ይዞት የተወለደው የብረት ንጥረ ነገር (አይረን) በ6 ወሩ አካባቢ እያለቀ ነው። ጡቱም እስከ 2 ዓመት ይቀጥል። ቆሎና ለውዝ እንዳለ አትስጡ፣ ያንቃል።

ባለሱቋ፦ በጾም ሥጋ ሲሠራ ድስቱ ይነካካልና?

እማማ፦ ለልጁ ትንሽ ድስት ለብቻ ያዢለታ! ሕፃን ጾም የለበትም።

የሚሚ እናት፦ ሲስተር፣ ያለብኩትን ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ትቼላት እወጣለሁ። መብራት ሲጠፋስ?

ሲስተር፦ ያለብሽበትን ሰዓት ዕቃው ላይ ጻፊበት። ከፍሪጅ ውጭ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ስትሰጣት በማንኪያ ወይም በስኒ ትስጣት በያት እናትሽን። ከስኒ የተረፈውን ትድፋው፣ ብታዝንም።