ማጉስ ደህና፣ ድሩ ከየት መጣ?

እህቴ፣ ከስቶክሆልም ሆነሽ «ድሬዳዋ ላይ በኦርጋኒክ ጥጥ የሚሠራ ትንሽ የልብስ ድርጅት ብከፍት ያዋጣል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፍራንክፈርት አሥር ዓመት ኖሬ ድሬዳዋ ተመልሼ ከዚራ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው። «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚ፣ ድሬ ላይ አንቱ የለም።

ከትርፉ በፊት ስለ ድሩ፣ ሸማኔው በቁመት ስለሚወጥረው ክር፣ ጠይቂ። እኔን ያሳፈረኝ እሱ ነው። ማጉን፣ ማለትም ድሩን በአግድም የሚያቋርጠውን ክር፣ የሚፈትሉልኝን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፣ ጥጡም ፀረ ተባይ ያልነካው ነው ብዬ ሻርፖቼ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል ምልክት ሰፋሁ። አንዲት ጀርመናዊት ደንበኛ «ድሩስ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሸማኔዬን ብጠይቀው ሳቀብኝ። ድሩ ከገበያ የተገዛ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእንዝርት የተፈተለውን ብወጥር ይበጠስብኛል አለኝ። የዚያን ቀን ማታ ስልሳ ሻርፕ ላይ ምልክቱን በመቀስ ስፈታ አመሸሁ።

ጎትስ የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ መለኪያ «ኦርጋኒክ» ለማለት ቢያንስ 95 ከመቶ የተመሰከረለት ኦርጋኒክ ጭረት (ክሩ የሚፈተልበት ቃጫ) ይጠይቃል፤ 70 ከመቶ ከሆነ የሚጻፈው ቃል ሌላ ነው። ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከጥጥ መዳመጫው ሲሆን መፍተያውን፣ ማቅለሚያውንና ስፌቱን ሁሉ ይነካል። ዘሩንም ጠይቂ። ኢትዮጵያ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ዘረመሉ የተለወጠ ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ፈቅዳለች፤ ኦርጋኒክ እርሻ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዘር አይቀበልም። ስለዚህ አሁን የምጽፈው የማውቀውን ብቻ ነው፦ ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ጥጥ።

«ጥጥ» ለማለት እንኳ ክሩን አቃጥዬ አያለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሠራል። በተለይ የጥለቱን ክር ሳታቃጥዪ አትመኚ። አውሮፓ ውስጥ የጭረቱ ዓይነትና መቶኛው በሚሸጥበት አገር ቋንቋ መጻፍ ስላለበት ያንቺ በስዊድንኛ ይሆናል።

ቀረጡ ከምትፈሪው ይቀላል። የኢትዮጵያ ልብስ የሥሪት አገሩን ደንብ ካሟላ ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ የሥሪት አገር መግለጫውን ራስሽ ደረሰኙ ላይ ትጽፊዋለሽ።

ስፌቱን ሐረር ነው የማሠራው፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ግን ጨርቁን ሳታጥቢ ከሰጠሻቸው ሳያጥቡ ይቆርጡታል። እኔ አንድ ጊዜ ሰጥቼ የአዋቂ ቀሚሶቼ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለልጅ ሆኑ። ጎረቤቴ «እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄደሽ የተዘጋጀ አትገዢም ነበር?» እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ለማንኛውም ቤት ለመከራየት አትቸኩዪ። አድራሻሽን በግል ላኪልኝና ሁለት ሜትር ልላክልሽ። ለክተሽ እጠቢው፣ ሲደርቅ እንደገና ለኪው፣ ከዚያ እናወራለን።