አክስታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በመኪና ተገጭታ ኢንሹራንሱ «9,000 ዶላር ውሰዱና ፈርሙ» ይላል፤ ምን እናድርግ?

ሂሩት_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ 61 ዓመቷ ነው። ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ትኖራለች፣ ግሪን ካርድ አላት፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ መኪና አትነዳም። ባለፈው ሳምንት ማታ ከአውቶቡስ ወርዳ ጆርጂያ አቬኑን ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ያቋረጠችው መስቀለኛ መንገዱ ላይ ነው፤ ግን አስፋልቱ ላይ የተቀባ ዜብራ የለም፣ የትራፊክ መብራትም የለም። ፖሊሱ ሪፖርቱ ላይ «ከማቋረጫ ውጭ» ብሎ አስፍሯል። ከጉልበቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ በብረትና በብሎን ተገጥሟል።

ነጂው ቆሞ 911 ደውሏል፣ ኢንሹራንስም አለው። አጅስተሩ (ጉዳዩን የያዘው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ) በየቀኑ እየደወለ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ በድምፅ የሚቀዳ ቃል እንድትሰጥና 9,000 ዶላር ወስዳ እንድትፈርም። እሷ ደግሞ «ተዉት፣ ልጁም ደንግጧል፣ እኔ ፍርድ ቤት አልቆምም» ትላለች። የሆስፒታሉ ቢል ገና አልመጣም። የራሳችን የመኪና ኢንሹራንስ ይህን ጉዳይ ይመለከተዋል? ከየት እንጀምር?

መዝገብ_ቤት

እህቴ፣ ምንም አትፈርሙ፤ የሚቀዳ ቃልም አትስጡ። ለገጪው ኢንሹራንስ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባቸውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ጥፋቱ በመቶኛ ተሰልቶ ከካሳው ይቀነሳል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ እዚህ የእግረኛው ጥፋት አንድ በመቶም ብትሆን ካሳውን ጨርሳ ታስቀራለች። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ደንብ እንዲሻር በ2013 ለስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ለውጡን ለሕግ አውጪው ትቶ ደንቡን አጸናው። ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ለይታ ቀይራዋለች፤ እዚያ የእግረኛው ጥፋት ከተከሳሾቹ ጥፋት እስካልበለጠ ድረስ ካሳው ሳይቀነስ ይገኛል። እዚያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ኢስተርን አቬኑን አልፈው ቢገጩ ኖሮ ጉዳዩ በዲሲ ሕግ ይታይ ነበር። ያው መንገድ፣ ያው ስብራት፣ ሌላ ሕግ። ትክክል ነው አልልም፤ ግን የምትከራከሩት በዚህ ሕግ ነው።

አጅስተሩ ቃሉን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ከመሻገርዎ በፊት በሁለቱም በኩል አይተዋል? ስልክ ይዘው ነበር? የለበሱት ምን ቀለም ነው? መኪናውን መጀመሪያ ያዩት የት ደርሶ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «ኧረ እኔ አላየሁትም» ያለ ሰው ሳያይ ገብቷል ተብሎ ይያዝበታል።

ስለ ዜብራው፦ በሜሪላንድ ሕግ ማቋረጫ ማለት ቀለም የተቀባበት ብቻ አይደለም። ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሳይድዎኩ አስፋልቱን አልፎ ወደ ማዶ ቢቀጥል የሚያርፍበት ቦታ፣ ቀለም ባይኖረውም፣ ማቋረጫ ነው። መብራት በሌለበት እንዲህ ያለ ቦታ እግረኛው በመኪናው በኩል ባለው የመንገድ ግማሽ ላይ ካለ፣ ወይም ከሌላው ግማሽ እየተጠጋ አንድ ሌይን ብቻ ከቀረው ነጂው መቆም አለበት። ከመስቀለኛው ራቅ ብለው፣ መሃል ላይ ተሻግረው ከሆነ ግን ቅድሚያው የመኪናው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በጥቂት ሜትር ይወሰናል፤ ፖሊሱ ስለጻፈውም ብቻ አያልቅም።

ሄደሽ ቦታውን ፎቶ አንሺ። የሳይድዎኩ ጫፍ፣ ዝቅ ተደርጎ የተሠራው የጠርዝ መውረጃ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ምልክት፣ የመንገዱ አምፑል ይበራ እንደሆነ፣ ከሁሉም ማዕዘን። አንዴ በቀን፣ አንዴ አደጋው በደረሰበት ሰዓት። በዙሪያው ያሉ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ካሜራ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቆየው ላይ ደርቦ ስለሚቀዳ ዛሬውኑ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ «ይህን ቅጂ አታጥፉ» የሚል ደብዳቤ ስጡና የሰጣችሁበትን ኮፒ ያዙ። የወረዱበት አውቶቡስም ካሜራ ይኖረዋል፤ ራይድ ኦን ከሆነ ለካውንቲው፣ ሜትሮ ባስ ከሆነ ለሜትሮ ጻፉ።

ፊርማን በተመለከተ ሜሪላንድ አንዲት መከላከያ አላት፦ ጉዳቱ በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ያለ ጠበቃ እርዳታ የተፈረመ መልቀቂያ (ከዚህ በላይ ካሳ አልጠይቅም የሚል ስምምነት)፣ ከተፈረመበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስታውቆና ገንዘቡን መልሶ ማፍረስ ይቻላል። እናንተ 5 ቀኑን አልፋችኋል። አሁን ብትፈርሙ ይህ አይሠራላችሁም።

ክስ ለመመሥረት በሜሪላንድ 3 ዓመት አላችሁ። የገጫቸው የካውንቲ ወይም የከተማ መኪና ቢሆን ኖሮ በ1 ዓመት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ ማስገባት ግድ ነበር።

ዳዊት_ፖሊሲ

የእናንተን ኢንሹራንስ ይመለከተዋል፣ በጣም። ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ (ዲክላሬሽን የሚለውን) ተመልከቱ። ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው ፒ.አይ.ፒ. (ፐርሰናል ኢንጁሪ ፕሮቴክሽን፣ የአካል ጉዳት ሽፋን) ነው። ማን አጠፋ ሳይባል ይከፍላል፤ አብሯችሁ የሚኖር ዘመድ በእግሩ ሲሄድ ቢገጭም ይሸፍናል። ዝቅተኛው 2,500 ዶላር ነው። ሕክምናን ይከፍላል፣ ከሥራ በመቅረት የጠፋውን ገቢ ደግሞ 85 በመቶ ይተካል። ማመልከቻውን 12 ወር ሳይሞላ አስገቡ። ከደመወዝ ወረቀት ጋር አሠሪያቸው የሚሞላው ፎርምና ሐኪሙ «ሥራ አይችሉም» ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በዚህች ደብዳቤ ምክንያት ነው። በኋላ ከገጪው ካሳ ቢያገኙ ፒ.አይ.ፒ. የከፈለው ገንዘብ ተመላሽ አይደለም። «ፕሪሚየማችን ይጨምራል» ብላችሁም አትፍሩ፤ በፒ.አይ.ፒ. ክፍያ ምክንያት መጨመር በሜሪላንድ የተከለከለ ነው። ፖሊሲውን ስትገዙ ዋጋ ለመቀነስ ፒ.አይ.ፒ. ትታችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ግን 16 ዓመት የሞላቸውን የቤቱን ሰዎችም ያስቀራል። ያን ጊዜ በገጫቸው መኪና ፒ.አይ.ፒ. በኩል መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አጣሩ።

ሁለተኛው በቂ ኢንሹራንስ የሌለውን ነጂ የሚመለከተው ሽፋን ነው። ሜሪላንድ ነጂውን የምታስገድደው ለአንድ ሰው 30,000 ዶላር ብቻ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበት ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ 9,000ው ቢሉን ሳታዩ የቀረበላችሁም ለዚህ ነው። የእናንተ ሽፋን 100,000 ቢሆንና የእሱ 30,000 ቢሆን፣ ተራው ዓይነት ልዩነቱን ብቻ፣ እስከ 70,000 ድረስ ይከፍላል። ኢንሃንስድ የሚባለው ግን በእሱ ላይ ተደርቦ እስከ 100,000 ይሄዳል። ሁለታችሁም 30,000 ከሆናችሁ ተራው ዜሮ ነው። የትኛው እንዳላችሁ ገጹ ላይ ተጽፏል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። የነጂው ኢንሹራንስ ሙሉ ጣሪያውን እከፍላለሁ ሲል ወዲያው አይፈረምም። የቀረበው ሐሳብ በሰርቲፋይድ ሜይል ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ይላካል፤ እሱም መስማማቱን ለመግለጽ 60 ቀን አለው። ሳታሳውቁ ከፈረማችሁ ከራሳችሁ ኢንሹራንስ የምታገኙትን ልታጡ ትችላላችሁ።

ደግሞ ነጂው ያን ሰዓት ኡበር ወይም ሊፍት ላይ እንደነበር አጣሩ። ሰው ለመውሰድ ጥሪ ተቀብሎ ወይም ሰው ጭኖ ከነበረ የኩባንያው ሽፋን 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። መኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈ ምልክት ያየ ምስክር ካለ ስልክ ቁጥሩን ያዙ።

አክስትሽን በተመለከተ፦ ልጁን አትክሰሱት ማለታቸው ደግነት ነው፤ ግን የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው። አብዛኛው ጉዳይም ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። በዚህ መልክ ብታስረዷቸው ይቀላቸዋል።

ሲስተር_ጽጌ

የሕጉን ብለዋል፤ እኔ ስለ እግሩ።

ስብራቱ ወደ ጉልበት መገጣጠሚያው የገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያ እግር ክብደት አይጣልበትም። ትክክለኛውን ጊዜ የሚወስነው ሐኪማቸው ራጁን አይቶ ነው። ሕመሙ ሲቀልላቸው «ትንሽ ልርገጥበት» ይላሉ፤ ያኔ ነው የተስተካከለው የመገጣጠሚያ ገጽ የሚሰምጠው። ብረቱ አጥንቱን ያያይዘዋል እንጂ አጥንቱን አይተካም።

ትራሱን ከጉልበታቸው ሥር አታድርጉ። ምቹ ይመስላል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና ቀጥ ማለት ያስቸግረዋል። ከቁርጭምጭሚቱ ሥር አድርጉት፣ ጉልበቱ ክፍት ሆኖ ይዘርጋ። ቴራፒ ላይ ከመታጠፍ ይልቅ ቀጥ ማለቱን ቶሎ ማግኘት ይሻላል፤ ሁለት ዲግሪ ሦስት ዲግሪ ብሎ የሚለካው ለዚያ ነው።

ወጌሻ እንዳይነካው። ብረት የገባበትን እግር ማሸት አያስፈልግም፤ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ካለም አደገኛ ነው። ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው መጠኑን አያቋርጡ፤ ቤት ውስጥ የሚጠጡትን ማንኛውንም ባህላዊ መድኃኒት ለሐኪሙ ንገሩ። ባታቸው በድንገት ካበጠና ከጠነከረ ሳትውሉ ሐኪም ዘንድ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው 911። ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከሆነም ለሳምንታት ተከታተሉ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መደናገር፣ ያለወትሮ እንቅልፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለካሳውም ይጠቅማል። ቀጠሮ ላይ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው እሱን ነው። ይልቅ የማይችሉትን ይናገሩ፦ ደረጃ በስንት ሰው ድጋፍ እንደሚወጡ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ሕመሙ እንደሚቀሰቅሳቸው፣ አልጋ ለማንጠፍ መንበርከክ መቻል አለመቻላቸውን። አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ የቤት ልጅ አያስተርጉም። ቴራፒ መቅረትም ሁለት ጉዳት አለው፣ ጉልበቱም ይደርቃል፣ ኢንሹራንሱም «ድነው ነው የተዉት» ይላል።

ቢሉ ሲመጣ ደንግጣችሁ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ። የሜሪላንድ ሆስፒታሎች ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ በታች ለሆነ ሰው አስፈላጊ ሕክምናን በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርሙን ጠይቁ።

አቤል_አሌክሳንድሪያ

ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ለጉብኝት የመጡ እናት ቢገጩስ? ቪዛቸው የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ከቀረው?

መዝገብ_ቤት

ካሳ ለመጠየቅ የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልግም። ቨርጂኒያ ውስጥ ክሱ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ የነጂው ዝቅተኛ ሽፋን ከጥር 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው 50,000 ነው። የከተማ ወይም የካውንቲ መኪና ከሆነ ማስታወቂያው በ6 ወር ውስጥ ነው። ዲሲም ከተማዋን ለመክሰስ ለከንቲባው በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት ጠበቃው ቃላቸውን በቪዲዮ እንዲያስመዘግብ፣ ሐኪሙም የወደፊት ሕክምናቸውን በጽሑፍ እንዲያሰፍር አድርጉ። የጉዞ ኢንሹራንስ ይዘው መጥተው ከሆነ ለእሱም ወዲያው አሳውቁ፤ የማሳወቂያው ጊዜ አጭር ነው።

ሂሩት_ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ፖሊሲያችንን አየሁት፣ ፒ.አይ.ፒ. አለን፣ ሌላው 100,000 ይላል። ጠበቃ ስንት ይወስዳል? ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ካርድ የሰጠን ሰው አለ።

መዝገብ_ቤት

ካርዱን ተዪው። ሆስፒታል እየዞረ ተጎጂ የሚለቅም ሰው ከማን እንደሚከፈለው አይነግርሽም።

የተለመደው ክፍያ ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ከተከሰሰ 40 በመቶ ነው፤ ካልተገኘ የጠበቃ ክፍያ የለም። ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ፐርሰንቱ የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከፒ.አይ.ፒ. ላይም ፐርሰንት ይወስዳል? (ፎርም መሙላት ብቻ ስለሆነ ብዙዎች አይወስዱም፤ የሚወስድ ካለ ሌላ ፈልጊ።) ብንሸነፍ የሪከርድና የባለሙያ ወጪ በማን ላይ ነው?

ገንዘቡ ሲመጣ ቀድመው የሚቆርጡ አሉ። ለምሳሌ 30,000 ቢከፈል 10,000 የጠበቃ ነው። ሜዲኬድ ወይም የጤና ኢንሹራንስ የከፈለውን ይጠይቃል። ሆስፒታል ሊየን (ዕዳው ከካሳው ላይ እንዲከፈለው የሚያደርግ የሕግ መያዣ) ካስመዘገበ በሜሪላንድ ሕግ እስከ ካሳው ግማሽ ድረስ ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ በድርድር ይቀነሳሉ፤ ጥሩ ጠበቃ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ቼኩ ከመፈረሙ በፊት ለማን ስንት እንደሚሄድ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሳ የፌዴራል የገቢ ግብር የለበትም።

አጅስተሩ ነገ ሲደውል ስሙን፣ የክሌይም ቁጥሩንና የፖስታ አድራሻውን ብቻ ተቀበዪው፤ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ እንዲያነጋግራችሁ ንገሪውና ዝጊ።