ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ጣና ዳሩ ሆቴል ልንመለስ ነው፤ ክፍሉን፣ ቀኑንና ጀልባውን እንዴት እንያዝ?

ጥር_ሙሽራ

ጤና ይስጥልኝ። በሠርጋችን ሰሞን ወዳረፍንበት ባሕር ዳር ያለ የሐይቅ ዳር ሆቴል ከባለቤቴ ጋር ልንመለስ ነው። ዘንድሮ አሥረኛ ዓመታችን ነው። የምንመጣው ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ሲሆን የምንቆየው ሦስት ሌሊት ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን። የሆቴሉን ስም ያልጠራሁት መልሳችሁ ሌላ ሆቴል ለሚያርፍም ሰው እንዲጠቅም ብዬ ነው።

ያንኑ ክፍል ወይም ያንኑ እይታ ብናገኝ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ከበረንዳ ብናይ፣ አንድ ቀን በጀልባ ገዳማት ብንሳለም፣ ከተቻለም ጢስ አባይ ብንደርስ ደስ ይለናል። በስልክ ስይዝ ምን ብዬ ልጠይቅ? ሥራውን የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

እንግዳ_ተቀባይ

እንኳን ለአሥረኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ።

ክፍሉን በቁጥር አትያዙ። ሆቴል ሲታደስ በሮች እንደ አዲስ ይቆጠራሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ክፍል ፈርሶ አንድ ይሆናል። «204 ይሁንልኝ» ያለ ሰው ቁጥሩን አግኝቶ ክፍሉን ሊያጣ ይችላል። ይልቅ በአቀማመጡ ንገሯቸው፦ ስንተኛ ፎቅ ነበር፣ ከደረጃው በግራ ነው በቀኝ፣ ስንተኛው በር፣ በረንዳው ፊት ለፊት ምን ይታይ ነበር። ከበረንዳው የተነሳችሁት የድሮ ፎቶ ካለ በቴሌግራም ላኩት። የቆየ የጽዳት ሠራተኛ ወይም አትክልተኛ ፎቶውን አይቶ ክፍሉን ወዲያው ይለየዋል፤ የቦታ ማስያዣ ክፍሉ ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ነው።

ቀጥሎ ዛፉን አስቡ። «የሐይቅ እይታ» ተብሎ የሚሸጥ ክፍል ሁሉ ሐይቁን አያሳይም። በባሕር ዳር ሙቀትና ውሃ ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ያኔ ከሁለተኛ ፎቅ ሐይቁን ያሳይ የነበረ በረንዳ ዛሬ ቅጠል ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ፎቶ ሲልኩላችሁ ከግቢው የተነሳውን አትቀበሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የበረንዳውን በር ከፍተው እንዲያነሱት ጠይቁ። የደርዘን ክፍል እይታ በአንድ ፎቶ የሚያሳዩ ሆቴሎች አሉና ይህ ጥያቄ አያሳፍርም።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን ተጠንቀቁ። ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቅዳሜና እሑድ የሐይቅ ዳር ሣር ሁሉ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ይሞላዋል፣ ሙዚቃውም እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ወርክሾፕ ነው። የወርክሾፕ ሰው ሌሊት አይረብሽም፤ ችግሩ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አንድ ላይ ቁርስ ቤት መግባቱ ነው። ስለዚህ እሑድ ማምሻውን ገብቶ ረቡዕ መውጣት ይሻላል። ቁርስ ወይ 1 ሰዓት ላይ ወይ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ውረዱ። ሁለት ጥያቄ በግልጽ ጠይቁ፦ «በእነዚህ ቀናት አዳራሹም ሆነ ሣሩ ተይዟል ወይ?» እና «ክፍሉ ከአዳራሹና ከጀነሬተሩ ምን ያህል ይርቃል?»

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር የሞላበት እንግዳ ወደዚህ ስለሚመጣ እስከ ጥር 13 አካባቢ ክፍል ይጠባል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ።

ዋጋ ስትጠይቁ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ የተጨመረበት መሆኑን አረጋግጡ። ለምሳሌ 4,000 ብር ተብሎ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 4,400 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 5,060 ብር ይደርሳል። ክፍያው ሲላክ የክፍሉን አቀማመጥና ቀኑን በጽሑፍ ላኩላቸው፣ «ተቀብለናል» የሚል መልስም አስቀሩ። ከመምጣታችሁ አንድ ቀን በፊት እንደገና ደውሉ። ክፍል የሚደለደለው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው፤ የዚያን ጊዜ ያላስታወሰ ሰው የተረፈው ይሰጠዋል።

የሽምብጥ_ልጅ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ስለ ጀንበሯ ግን የተነሳ ነገር የለም፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው በእሷ ነው።

ባሕር ዳር ያለችው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የሐይቅ ፊት በረንዳ ወደ ሰሜን ያያል። በጥር ጀንበር የምትጠልቀው ደግሞ ከምዕራብ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው፤ በስልክ ኮምፓስ 250 ዲግሪ ገደማ ላይ። ይህ ማለት ወደ ሰሜን ከሚያይ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ጀንበሯ በግራ በኩል ከከተማው ዛፎች ጀርባ ትገባለች እንጂ ውሃው ላይ አትወርድም። ውሃው ላይ ስትወርድ የምትታየው በግንቦትና በሰኔ፣ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ስትሄድ ነው። ያኔ ደግሞ ደመናው አለ።

በጥር ጀንበር ከውሃ በላይ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዳርቻው ወደ አባይ መውጫ ታጥፎ ወደ ምዕራብ በሚያይበት በኩል ያለ ሆቴል ይሻላል። ካርታ ላይ ሆቴሉን ፈልጉና ከበረንዳው ወደ 250 ዲግሪ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ውሃ ከነካ ይሆናል። ያንኑ ሆቴል አንለቅም ካላችሁ፣ አንዱን ምሽት ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጡ፤ አባይን፣ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ታያላችሁ። በጥር መጨረሻ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል በጥር ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ቀን ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው፣ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ስላለ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ቦይለሩም ጠይቁ። ባለ 50 ሊትርና ባለ 1,500 ዋት ከሆነ ቀዝቃዛውን ውሃ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ለሁለት ሰው የሚበቃው እያንዳንዳችሁ በአምስት ደቂቃ ታጥባችሁ ከጨረሳችሁ ነው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ ብዙ ሆቴል ጭነት ለመቀነስ ቦይለሮቹን ያቋርጣል። እንግዳው መብራት ስላየ ውሃውም የሚሞቅ ይመስለዋል። «ጀነሬተሩ ቦይለሩንም ያሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ መብራት ባለበት ሰዓት፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ታጠቡ።

ጥር_ሙሽራ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጀንበሯን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ቀኑንም ከእሑድ እስከ ረቡዕ አደርገዋለሁ። ገዳማቱንስ? ባለቤቴ የምትገባባቸውን ብቻ መርጠን ብንሄድ፣ በአንድ ቀን ስንቱ ይደርሳል?

ከጀልባ_ተራ

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ነው፣ ይገባል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ናርጋ ሥላሴም ይገባል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ነው፣ ግን ደቅ ደሴት ድረስ በትንሽ ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ሙሉ ቀን ይበላል። ለእናንተ ዑራ፣ አዝዋና በመመለሻ እንጦስ ይበቃል። በግማሽ ቀን አምስት ገዳም የሚያስጎበኝ ጀልባ ይገኛል፤ ያ ግን ከጀልባ ወጥቶ ጀልባ መግባት ብቻ ነው የሚሆነው፣ አልመክርም።

ጠዋት 2 ሰዓት ተነሱ። ሐይቁ ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያልፍ የእግር መንገድ ድንጋያማ ነው፣ ጫማ የሚያዝ ይሁን። እስከ 7 ሰዓት ብትመለሱ መልካም።

ሲስማሙ ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የመጠበቂያው ሰዓት ይጨምራል? ነዳጁስ? እነዚህን ሦስቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። የገዳም መግቢያ በየገዳሙ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ሕይወት አድን ጃኬቱን መቀመጫ ሥር አይታችሁ አትለፉ፤ ማሰሪያው የሚሠራ መሆኑን አይታችሁ፣ ለብሳችሁ ተነሱ። ሞተር ሐይቅ መሀል የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ አልቆ ወይም የሞተሩ ፕሮፔለር በዓሣ መረብ ተጠምጥሞ ነው። ስለዚህ ትርፍ ጀሪካንና መቅዘፊያ እንጨት መኖሩን ጠይቁ። እምቦጭ በብዛት ያለው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ በዚህ መስመር ብዙ አያስቸግራችሁም።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይያዝ። ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚጠብቁትን ሥርዓት ታውቁታላችሁና የገዳሙን ቀን ከወዲሁ ወስኑ። በመጣችሁበት ቀን ማግሥት ቢሆን ይቀላል። ሥዕሎቹን በፍላሽ አታንሱ።

አላታ_መንገደኛ

ጢስ አባይን በተመለከተ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። በጥር የምታዩት ገደሉን ሲሆን ውሃው በጥቂት ቦታ ብቻ ይወርዳል። ምክንያቱ በጋ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ ብዙ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፣ ለአባይ ከሚለቀቀውም ከፏፏቴው በላይ ለጢስ አባይ ማመንጫዎች የሚጠለፍ አለ።

እኔ ግን ተዉት አልልም። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ብቻውን ያስኬዳል፣ የእግር መንገዱም በጥር ደረቅና ምቹ ነው፤ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። ጠዋት ሂዱ። መኪና ከመያዛችሁ በፊት በዚያ ሰሞን ውሃ የሚለቀቅ መሆኑንና መንገዱ ክፍት መሆኑን በሆቴሉ በኩል አስጠይቁ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ከተማው ውስጥ አዲሱን የአባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ። በግንቦት 2016 ተመርቋል፣ 380 ሜትር ነው፤ አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ስላለ ባለፈው ከመጣችሁበት ጋር ልዩነቱን ታያላችሁ።

የሽምብጥ_ልጅ

ሁለት የጤና ነገር ቀርቷል። የወባው ከባድ ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ በጥር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አጎበር መኖሩን፣ ያልተቀደደ መሆኑንም ክፍሉን ስትረከቡ እዩ። የበረንዳውን በር ከ12 ሰዓት በፊት ዝጉ፤ ቢንቢው አንዴ ከገባ በኋላ መዝጋት አይጠቅምም። ከጉዞው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ባሕር ዳር እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ሐይቁ ዳር ላይ እግር መንከርም ሆነ መዋኘት ይቅር። ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ነው፤ የሆቴሎቹ ደረጃ የሚያልቀውም እዚያው ነው።

ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ለምሳ እዘዙ። ዓሣ አጥማጁ የሚያስረክበው ጠዋት ነው።