ለአባቴ የትኛውን ሙዚቃ ማጫወቻ ልግዛ?

የአራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነኝ። አባቴ 40 ገደማ ካሴት አለው። አብዛኛውን በዘመድ ሰርግ ላይ ራሱ በቴፕ የቀዳው ነው፤ ማሲንቆ፣ ሽለላ፣ ቀረርቶ። የአያቴ ምርቃትም አለበት። ባለፈው ክረምት ቴፑ አንዱን ካሴት በላው። ክሩን በእርሳስ እያዞርኩ መለስኩት፤ የተጨማደደው ቦታ ላይ ግን ድምፁ ይዋልላል። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ እንዳለ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ስቀዳው የ60 ደቂቃው ካሴት ብቻውን ከ600 ሜጋባይት አለፈ።

አሁን በኪሱ የሚይዘው ማጫወቻ ልገዛለት ነው። ስልክ መነካካት አይወድም። ፒያሳ ሁለት አየሁ። አንዱ ትንሽዬ፣ ባለ ቁልፍ፣ ኤምፒ3 ብቻ የሚያነብ። ሌላው ፍላክ የሚባለውን የድምፅ ፋይልም ይከፍታል፤ ግን በጣት የሚነካ ነው፣ ዋጋውም እጥፍ። ድምፁ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ማራኪ ሰፈር፦
እህቴ፣ ባለ ቁልፉን ግዢለት። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳያጎድል መጠኑን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እሱን ቤት አስቀምጪው፣ ሁለት ቦታ። ለአባትሽ ከዚያው ላይ ኤምፒ3 አውጪለት። ኤምፒ3 የሚያንሰው ጆሮ ብዙም የማይለየውን እየጣለ ነው፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ዋናውን እንዳታጠፊው፣ አደራ! ኤምፒ3ውን ስታወጪ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ለንግግር ይበቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚጣለው ድምፅ ያንሳል። ለማሲንቆ ግን እኔ 192 አደርገዋለሁ፤ የጭራው ፍትጊያ በ128 ይደበዝዝብኛል። 40 ሰዓቱ በ192 ተደርጎ 3.5 ጊጋ ቢሆን ነው።

አዘዞ፦
ሚሞሪው ላይ ተጠንቀቂ። እኔ 64 ጊጋ ገዝቼ ማጫወቻዬ አላነብም አለኝ። ሻጩ ጋ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ለካ ከ32 ጊጋ በላይ ያሉት ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራደር ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ማጫወቻዎች የሚያውቁት የቆየውን አደራደር፣ ፋት 32ን ብቻ ነው። 8 ጊጋ ይበቃሻል። ፋይሎቹንም በቁጥር ሰይሚያቸው፤ የእኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የአራዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ቁልፉን ከ8 ጊጋ ጋር ገዛሁ። 01 ያደረግሁት የአያቴን ምርቃት ነው። አባባ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የካሴቱን አንድ ፊት እንዳለ አንድ ፋይል ስላደረግሁት ሲያጠፋው ከመጀመሪያው ይነሳበታል። በየዘፈኑ መቁረጫ ታውቃላችሁ?

ማራኪ ሰፈር፦
ኦዳሲቲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው። በየዘፈኑ መነሻ ምልክት አድርጊ፤ ሁሉንም በአንዴ ለያይቶ ያወጣልሻል። የምትቆርጪው ግን ዌቩን ይሁን።