የጨቅላ ሕፃናት የደም ስኳር፦ አንዱን 12 ሰዓታት፣ ሌላውን 24 ሰዓታት የምንለካው ለምንድነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ስኳር ካለባት እናት የተወለደውን ለ12 ሰዓታት፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደውን ወይም ክብደቱ ለእርግዝና ሳምንቱ ያነሰውን ደግሞ ለ24 ሰዓታት ለኩ ይባላል። መውረድ ያው መውረድ አይደል? ከእነዚህ ውጪስ ማን ይለካ?

መልስ 1
የሚወርድበት ምክንያት ስለሚለያይ ነው። የእናትየዋ ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ይሻገራል፣ ኢንሱሊኗ ግን አይሻገርም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ማመንጨት ይለምዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ባንዴ ይቋረጣል፤ ኢንሱሊኑ ግን ወዲያው አይቀንስም። እነዚህ ቶሎ የሚወርዱት፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት፣ ለዚህ ነው። ለሳምንቱ ከልክ በላይ የገዘፈውም ከነሱ ጋር ይመደባል፤ እናቱ «ስኳር የለብኝም» ብትልም በእርግዝና የመጣ ስኳር ሳይታወቅ አልፎ ይሆናል።

በ34ኛውና በ36ኛው ሳምንት መካከል የተወለደውና ክብደቱ ለሳምንቱ ያነሰው ችግራቸው ስንቅ ማጣት ነው። ጉበታቸው ያጠራቀመው ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) ጥቂት ነው፣ ስባቸውም ስስ። መጀመሪያ ደህና ይለካሉ፤ በደንብ ሳይጠቡ ሲቀሩ ዘግይተው ይወርዳሉ።

መልስ 2
በመልስ 1 ላይ ልጨምር፦ 12 ሰዓታት ሲሞሉ መለካት የሚቆመው ከመጥባቱ በፊት የተለካው 45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ከዘለቀ ብቻ ነው። ሲወለድ የታፈነ፣ የቀዘቀዘ፣ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት፣ ደሙ የወፈረ፣ እናቱ እንደ ላቤታሎል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የወሰደች ወይም በምጥ ላይ ብዙ ግሉኮስ የተሰጣትም ይለካ።

በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ ከጠባ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ከዚያ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ ከመጥባቱ በፊት። ተረከዙን አሙቁ፣ አልኮሉ ሳይደርቅ አትውጉ። ግሉኮሜትር (በእጅ የሚያዝ የስኳር መለኪያ) ዝቅ ባለ መጠን ላይ ስለሚሳሳት በላቦራቶሪ ይረጋገጥ፤ ናሙናው ግን ሳይመረመር ከቆየ ቀይ የደም ሴሎች ስኳሩን ይጨርሱታል። ምልክት ላለበት ሕፃን ውጤት እስኪመጣ ሕክምና አይዘግይ።

መልስ 3
ሕፃኑ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢፈዝ ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥና ስኳሩ ከ40 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ቢሆን ማጥባት ብቻ አይበቃም። 10% ዴክስትሮስ (የግሉኮስ ፈሳሽ) በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጥና ወዲያው ተንጠልጣይ (እየተንጠባጠበ የሚገባ ግሉኮስ) ይከተል። ያለው 40% ከሆነ 1 እጁን በ3 እጅ የመርፌ ውሃ አቅጥኑ። ሳይቀጥን ከተሰጠ ደም ሥር ያቃጥላል፣ ኢንሱሊንም ቀስቅሶ መልሶ ይጥለዋል። ተንጠልጣዩን ባንዴ መንቀልም ስኳሩን መልሶ ይጥለዋል።